ውሃው ገና አልጠራም

ካሣዬ በዚህ ዓለም አጥብቆ የሚጠላቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ ሳይታጠብ ያደረ ስፖንጅና ሰው ላይ ዱብ የሚል መርዶ። ስለ መጀመሪያው ለመጣ ለሄደው ሁሉ ያወራል። ስለ ሁለተኛው ግን ከሚስቱ ከኤሌኒ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከጎንደር ወደ ወለቃ በሚያወጣው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተከለለች የመኪና እጥበትና ፖሊሽ ቤት አለችው። ቤት ማለትም ማጋነን ነው፤ ሁለት መኪና ከገባባት በመሀል የሚያልፈው ሰው ጎኑን አዙሮ ነው የሚሾልከው። የከተማው ባለ መኪና ግን ያውቃታል። ሠርግ ያለበት፣ መኪናውን ሊሸጥ ያሰበ፣ አዲስ ገዝቶ የሰው ዓይን የፈራ ሁሉ ወደ ካሣዬ ይነዳል። ካሣዬ ደግሞ መኪናውን ከማየቱ በፊት ባለቤቱን ያያል፤ ቀበቶ የታጠቀ፣ ቀለበት ያደረገ ሰው ወደ ቀለሙ ጠጋ ካለ “እባክህ ራቅ በል፣ ትጭረዋለህ” ብሎ ያባርረዋል። ከገዛ መኪናው! ሰዉም ይስቃል እንጂ አይቀየመውም።

ስፖንጅ የሚለው በፖሊሽ ማሽኑ አፍ ላይ የሚለጠፈውን ክቡን ነገር ነው። መኪናው ታጥቦ ጭረቱ ከጠፋ በኋላ፣ ቀለሙን ከፀሐይና ከአቧራ የሚጠብቀው ሲላንት የሚሉት ፈሳሽ የሚቀባው በዚሁ ስፖንጅ ነው። ሲላንቱ ቀለሙ ላይ ሲደርቅ ሸጋ ነው፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ስፖንጁ ውስጥ ሲደርቅ ግን ጉድ ይፈላል። ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖ ያጠጥረዋል፤ በማግስቱ በሌላ ሰው መኪና ላይ ቢያሽከረክሩት መኪናውን ጭረት በጭረት ያደርገዋል። ስለዚህ በካሣዬ ቤት ምሳ ቀርቦ ቢሆን እንኳ ስፖንጅ ሳይታጠብ ማንም እጁን ወደ ትሪ አይሰድም። ኤሌኒ “እኔ ታምሜ ስተኛ እንኳ እንዲህ አገላብጠህ አላየኸኝም” ትለው ነበር። እውነቷን ነው።

ሰውነት የሚባለው ሠራተኛ ወደዚህ ቤት የመጣው ከዛሪማ ነው፤ ሊማሊሞን ወርደው ከሚያገኟት ከዚያች ሞቃት የመንገድ ከተማ። ጢሙን በቅጡ ያወጣ ጎልማሳ ነው፤ እጁ ግን እንደ ሕፃን አቃፊ የለዘበ ነው፤ ማሽኑ በእጁ ሲገባ ጩኸቱ ሳይቀር የሚቀንስ ይመስላል። ከመጣ ጀምሮ ካሣዬን “አያ ካሣዬ፣ አንተ” ይለዋል። በአገሩ ታላቅ ወንድምን እንደዚያ ነው የሚጠሩት። ሌላው ሠራተኛ “እርስዎ” ሲለው ካሣዬ ዝም ይላል፤ የሰውነትን “አንተ” ግን ይወዳት ነበር። ካሣዬ ልጅ አልወለደም። ይህ ካልተነገረ ቀጥሎ ያደረገው ነገር አይገባም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። የሰውነት እናት፣ ታየች የምትባለው፣ ታማ ከሰነበተች በኋላ መድከሟን ልከውበት፣ ሰውነት ያን ዕለት ከሰዓት ወደ ዛሪማ ሊሄድ ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ወደ አዲ አርቃይ የምትሄደው የመጨረሻዋ ሚኒባስ በደጃቸው ታልፋለች፤ እጅ ዘርግቶ መሳፈር ነው። ከዚያ በፊት የዩኒቨርሲቲዋ መምህርት የፍሬሰላም ጥቁር ቪትስ ሲላንት ተቀብታ ማለቅ ነበረባት። ሰውነት ማሽኑን ይዞ የመኪናዋ ኮፈን ላይ አጎንብሷል። ካሣዬ ውጭ ቆሞ ጎማ ሲያጥብ አጠገቡ ያስቀመጠው ስልኩ ጮኸ።

“አያ ካሣዬ? ይመኙሽ ነኝ፣ የሰውነት እህት።”

“እንዴት ናችሁ፣ ይመኙሽ?”

“የሱን ስልክ ደውዬ ደውዬ አያነሳም። እናታችንን አሟታል። በጣም አሟታል። ዛሬውኑ ይምጣ በለው።” ድምፅዋ ተቆረጠና እንደገና መጣ። “እንዳታስደነግጡት ደግሞ፣ አደራህን።”

ከኋላዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። አንዷ “ኸረ ዝም በሉ፣ ይሰማል” ስትል ካሣዬ ሰማ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ካሣዬ ጎማውን እንደያዘ ቀረ። በዚህ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ለባለ ሐዘኑ አይደወልም፤ ለአለቃው፣ ለጎረቤቱ፣ ለንስሐ አባቱ ነው የሚደወለው። ታሟል ይባላል፣ ላኩት ይባላል፣ እንዳታስደነግጡት ይባላል። የሰማው ሰው ደግሞ አፉን ይዞ ዘመድ ይሰበስብና፣ ሰውየው ከመኝታው ሳይነሳ ወይም ከቤቱ ሳይወጣ፣ በማለዳ ሰብሰብ ብሎ ሄዶ ይነግረዋል። ካሣዬ ይህን ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እና ይመኙሽ ለወንድሟ ሳይሆን ለእሱ መደወሏን ሲያስብ ሌላ ትርጉም አላገኘለትም። ታየች ሞታለች።

ስልኩ ያልተነሳው ለምን እንደሆነ ከካሣዬ በላይ ሊያውቅ የሚገባው ሰው አልነበረም። መኪና ላይ ሲሠሩ ስልክ ኪስ ውስጥ አይገባም፣ ቀለም ይጭራል ብሎ ሕግ ያወጣው እሱ ራሱ ነው። የሰውነት ስልክ ከነጃኬቱ ምስማር ላይ ተሰቅሎ፣ የማሽኑ ድምፅ ውጦት ሲጠራ ነው የቆየው። ያን ሰዓት ግን ይህ ለካሣዬ ትዝ አላለውም። አንድ ነገር ልብ ውስጥ አስቀድሞ ከገባ ሌላው መግቢያ ያጣል።

መልሶ ደወለ፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም አለው። ዛሪማ ኔትወርኩ እንዲያ ነው። እንደገና ሊሞክር አሰበና ተወው። ቢያነሱስ ምን ሊል ነው? ለቅሶ ላይ ያለን ሰው ሞታ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አፍ ከየት ይመጣል? ወደ አያ ተክለ ጊዮርጊስ ደወለ። አያ ተክለ ጊዮርጊስ ጎንደር የሚኖሩት የዛሪማ ሰዎች እድር ዳኛ ናቸው፤ መርዶ መንገር የሳቸው ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

“በዚህ ዓይነት ከደወሉማ አልቋል፣ ልጄ” አሉት ታሪኩን ሰምተው። “አፈሩን ያቅልልላት። ታየች ሸጋ ሴት ነበረች።”

“እሱ ከሰዓት ሊሄድ ተነሥቷል። ምን ላድርግ?”

“ብቻውን? እንዳታደርገው! ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ብቻውን ይድረስ? ሊማሊሞ ላይ አንዱ ‘እግዜር ያጥናህ’ ቢለውስ? ያዘው። ነገ ማለዳ ሰው ሰብስቤ ቤትህ እመጣለሁ፤ መኪናም እንይዛለን። እስከዚያ ስልኩንም ጠብቅለት፣ ዘመዱ ሁሉ ይደውላል።”

ካሣዬን ያስደነገጠው “አንዱ ቢለውስ” የሚለው ነበር። እሱ ወጣት ሳለ ከሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ ሳንጃ ከተማ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ነበር። አንድ የሚያውቀው ነጋዴ ብርጭቆውን እንደያዘ “አባትህን ነፍስ ይማር፣ ሸጋ ሰው ነበሩ” አለው፤ ያልሰማ መሆኑን ሳያውቅ። ካሣዬ እዚያው መሬት ላይ ወደቀ። የሚደግፈው ዘመድ የለም፤ የሚያውቀው ሰው የለም፤ ነጋዴው ደንግጦ ሸሸ፤ አውቶቡሱ ጡሩንባውን ይነፋል። የማያውቁት ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመው እያዩት ብቻውን አለቀሰ። ከዚያ ቀን በኋላ፣ እኔ ያለሁበት ሰው እንዲህ አይሰማም ብሎ ለራሱ ምሏል።

ወደ ውስጥ ገባና ከምስማሩ ላይ የሰውነትን ጃኬት ዳሰሰ። ስልኩን አወጣ፤ ያልተነሳ ጥሪ ሞልቶበታል። አጠፋውና ወደ ራሱ ኪስ ከተተው።

ማሽኑ ዝም አለ። ሰውነት ቀና ብሎ ወገቡን ያዘና ፈገግ አለ። “አለቀች፣ አያ ካሣዬ። ና እያት፣ የቆርቆሮው ሚስማር ሳይቀር ይታይባታል። ስፖንጆቹን አጥቤ ልሂድ።”

“ሸጋ አድርገህ እጠባቸው” አለ ካሣዬ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው።

ሰውነት ሳፋውን አቅርቦ ለብ ያለ ውሃ ሞላበት፤ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አደረገበት። ስፖንጁን አልጨመቀውም፤ መጭመቅ ጀርባውን ያላቅቀዋል። መዳፉን ዘርግቶ ጫን ያደርጋል፣ ይለቃል፤ ጫን ያደርጋል፣ ይለቃል። ሲላንቱ ከውስጡ እየወጣ ውሃውን ወተት አስመሰለው። ደፋውና ሌላ ቀዳ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ዳር ዳሩን አሸት አሸት አደረገለት። ካሣዬ አጠገቡ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጠ። ከሰውነት ፊት ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው፤ ያልሰማ ሰው ፊት እንዴት ያምራል አለ በልቡ።

“እናቴ እኮ፣ አያ ካሣዬ፣ ምን እንደምሠራ አይገባትም” አለ ሰውነት ከስፖንጁ ቀና ሳይል። “ባለፈው ስሄድ ‘የሰው ማኪና ስታሻሽ ትውላለህ አሉ፤ ለጎረቤት ምን ብዬ ልንገር?’ አለችኝ። ማኪናው ሲያልቅ ፊትን ያሳያል አልኋት። ‘እንግዲያ መስተዋት ሠሪ ነው እላለሁ’ አለች። አሁን መንደሩ ሁሉ መስተዋት ሠሪው ነው የሚለኝ።”

ካሣዬ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነበትና እጁን ሳፋው ውስጥ ነክሮ ፊቱን ታጠበ።

“ምነው?” አለ ሰውነት።

“ሳሙና ገባብኝ።”

“በሳሙና ውሃ ታጥበህ ሳሙና ገባብኝ ትላለህ! አንተዬ፣ አርጅተሃል።”

ስፖንጁ ጠራ። ሰውነት ውሃውን በእፍኙ አንሥቶ አሳየው። ካሣዬ መንገዱን አየ። ሚኒባሷ ገና አላለፈችም።

“ገና አልጠራም” አለ።

“እንዴ፣ እየው እንጂ!”

“ያንሸራትታል። አልጠራም አልሁህ። ድገመው።”

ውሃው ለመጠጥ የሚሆን ያህል ጠርቶ ነበር። ሰውነት ከት ብሎ ስቆ ደገመው፤ ሦስተኛም ደገመው። ከዚያ ስፖንጆቹን በፎጣ ጫን ጫን አድርጎ ውሃቸውን አስመጠጠና ፊታቸውን ወደ ታች ደፍቶ ጥላ ላይ ባለው ወንፊት ላይ ደረደራቸው። ተነሥቶ እጁን ሱሪው ላይ ሲያብስ ካሣዬ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን ጎተተ። ውስጡ የነበሩት ከዓመታት በፊት አንድ የተባረረ ሠራተኛ ሳያጥብ ጥሏቸው የሄደ፣ ሲላንት የጠጠረባቸው ስፖንጆች ናቸው። ካሣዬ ሠራተኛ ሁሉ እንዲማርባቸው ነበር ያስቀመጣቸው።

“እነዚህንም” አለ።

ሰውነት ካርቶኑን አየ፤ ካሣዬን አየ። “አያ ካሣዬ፣ እነዚህን እኮ አንተ ራስህ ውሃ አይመልሳቸውም ብለኸኛል። ደግሞ ማኪናዋ ልታልፍ ነው። እናቴ ትጠብቀኛለች።”

“ከኋላ ካለው በርሜል ውሃ ቅዳ። ሙቅ አድርገው። ሰኞ ያስፈልጉኛል።”

በሁለት ዓመት ውስጥ ካሣዬ እንዲህ አዝዞት አያውቅም፤ ሰውነት ቅር ብሎት ባልዲውን አንሥቶ ወደ ኋላ ዞረ። በርሜሉ አጠገብ ሆኖ ውሃ ሲቀዳ ሚኒባሷ መጣች። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ “ደባርቅ፣ ዛሪማ፣ አዲ አርቃይ!” ይላል። ካሣዬ መንገዱ ዳር ወጥቶ እጁን አወዛወዘላቸው፤ እለፉ፣ ሰው የለም። አለፉ። አቧራው ተነሥቶ ጥቁሯ ቪትስ ላይ ሲያርፍ ካሣዬ ጨርቅ እንኳ አላነሣም።

“ማኪናዋ አለፈች?” አለ ሰውነት ባልዲውን ይዞ ሲመለስ።

“ሞልታ ነበር፤ አትቆምም” አለ ካሣዬ። “ነገ በማለዳ እኔው ራሴ እወስድሃለሁ። ዛሬ እኛ ቤት ታድራለህ።”

ሰውነት ባልዲውን አስቀመጠ። “ስልኬን አምጣልኝ እስቲ፣ ነገ ነው የምመጣ ልበላቸው።”

“ባትሪው አልቋል። ቤት ሄደን ቻርጅ እናደርገዋለን።”

እንግዲህ ካሣዬ ውሸታም ሰው አልነበረም። ለደንበኛ እንኳ “ይህ ጭረት አይጠፋም” ብሎ ሥራ የሚመልስ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ውሸቱ ከአፉ እንደ ጸሎት በቀላሉ ወጣ፤ ለመልካም ነው ብሎ አምኗልና። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የማይታጠቡትን ስፖንጆች ሲያጥቡ አመሹ። የጠጠረው ሲላንት ፍንክች አላለም። ሰውነት ጥፍሩ እስኪላጥ ፈተገ፤ ካሣዬ የሚከለክልበት ቃል ጠፋበት እንጂ ሊከለክለው ፈልጎ ነበር።

ቤት ሲደርሱ መብራት የለም። እንዲያውም ካሣዬን ደስ አለው፤ ስልክ ቻርጅ አይደረግም። ለኤሌኒ በአንድ ቃል ነግሯት ስለነበር ሰውነትን በጉርሻ አጨናነቀችው። “ምነው ዛሬ እንዲህ ያዘናችሁልኝ?” ብሎ ሳቀባቸው። እራት መሀል ላይ የካሣዬ ስልክ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አወጣው፤ የይመኙሽ ቁጥር ነው። ሰውነት ትሪው ማዶ ተቀምጦ ያየዋል። ቢያነሳ ለቅሶው በስልኩ ውስጥ ይወጣል፣ ልጁ እዚሁ ገበታ ላይ ይሰማል። ካሣዬ ስልኩን አፈነና አጠፋው።

“ማነው?” አለች ኤሌኒ።

“ደንበኛ ነው። ሰኞ ይደውላል።”

በማለዳ አያ ተክለ ጊዮርጊስ ከእድሩ ሰዎች ጋር ደረሱ። ሁሉም ጋቢ ለብሰው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ነው የገቡት። ሰውነት ጫማውን እያሰረ ነበር። ቀና ብሎ ሲያያቸው እጁ ክሩን እንደያዘ ቆመ። የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ አየ። ሰው እንዲህ በማለዳ ተሰብስቦ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል።

“ቁጭ በል፣ ልጄ” አሉት ሽማግሌው።

“ማናት? እናቴ ናት?”

“እግዚአብሔር የሰጠውን ወሰደ። አይዞህ።”

ሰውነት ጮኸ። ካሣዬ ከኋላ አቀፈው፤ የእድሩ ሰዎች ክንዱን ያዙት፤ ኤሌኒ ከጓዳ እየጮኸች ወጣች። ደረቱን እየደቃ አለቀሰ፤ ወድቆ አለቀሰ፤ ተነሥቶ አለቀሰ። ዙሪያውን ግን የያዘው ሰው ነበረው፤ ግንባሩን የሚጠርግለት፣ ውሃ የሚያጎነጨው፣ ስሙን የሚጠራው ሰው ነበረው። ካሣዬ እያለቀሰም ቢሆን ልቡ ትንሽ አረፈ። እንዲህ ነው የሚነገር፣ እኔም እንዲህ በተነገረኝ ኖሮ አለ።

የተከራዩት መኪና አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ እስኪደርስ ሰውነት አላቋረጠም። “ትናንት ብመጣ ኖሮ ሬሳዋን አይ ነበር” ይላል፤ ካሣዬ “አይዞህ፣ ለቀብሩ እንደርሳለን” ይለዋል። ሊማሊሞን ሲወርዱ ድምፁ ሰለለ። ገደሉ ሥር ሙቀቱ ሲቀበላቸው ከዓይኑ የሚወርድ ነገር አልቀረም፤ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል። የመንደሩ ዛፎች ሲታዩት ግን የመጨረሻ ኃይሉን ሰበሰበ። እዚያው ከመኪናው ዘሎ ወረደና በአገሩ ሥርዓት እየጮኸ ወደ ቤቱ ሮጠ።

“እናቴ! ወይኔ እናቴ! ሳላይሽ ሄድሽብኝ! ሳትሰናበቺኝ!”

የእድሩ ሰዎችም “ወየው! ወየው!” እያሉ ተከተሉት። ካሣዬ ከኋላ ነበር። በመጀመሪያ ያየው ድንኳን አለመኖሩን ነው። ቀጥሎ ደጁ ላይ ሰው አለመኖሩን አየ፤ አንዲት ጎረቤት ብቻ ጀሪካን እንደያዘች ቆማ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች። ካሣዬ ቆመ። ሰውነትን ሊጠራው ፈለገ፤ ዘግይቷል። ልጁ ግቢውን በድምፁ ሞልቶ “እናቴ ሞተሽብኝ!” እያለ ይጮሃል።

ይመኙሽ ከቤት ወጣች። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። “ምን ሆናችኋል?” አለች። “ማን ሞቶ ነው?”

የእድሩ ሰዎች እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

“እናቴስ?” አለ ሰውነት በተሰበረ ድምፅ።

“ውስጥ ናት። ገና አለች። ምነው፣ ምን አሏችሁ?” ከዚያ ገባት፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። “ትሰማ ነበር እኮ! ጆሮዋ ይሰማል!”

ሰውነት ገፍቷት ገባ። ካሣዬ ደጃፉ ላይ ቆሞ አየ። ታየች መደቡ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ዓይኗ ወደ በሩ ተከፍቷል። ከንጋት ጀምሮ አንደበቷ ተይዞ ነበር። ልጇ እጇ ላይ ወድቆ “እናቴ፣ እኔ ነኝ፣ መጣሁ፣ ተሳስቼ ነው፣ ሞተች ብለውኝ ነው” ሲል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። ከዓይኗ ጥግ የወረደው እንባ ወደ ጆሮዋ ገባ።

“እስከ ንጋት ድረስ እኮ ደህና አድርጋ ታወራ ነበር” አለች ይመኙሽ፤ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ። “ማታ ኔትወርኩ ሲመጣ ልናገናኛችሁ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርገን ደወልን፤ ዝግ ነው ይላል። አያ ካሣዬም አላነሣ አለ። ሊማሊሞ ገብቶ ይሆናል እያልን መንገድ መንገዱን ስናይ አደርን።”

ሰውነት ቀና ብሎ ካሣዬን አየው።

“እኔ ነኝ ያጠፋሁት” አለ ካሣዬ። ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። “ሞታለች ብዬ ነው። ብቻህን እንዳትሰማ ብዬ። ማኪናዋንም እኔ ነኝ ያሳለፍኋት።”

ሰውነት ፊቱን ወደ እናቱ መለሰ። ታየች ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች፤ እጇ በእጁ ውስጥ ነበር፤ አንድ ቃል ሳትናገር።

ለቅሶው አሁን በእውነት ሆነ። ድንኳን ተተከለ፣ መንደሩ ጎረፈ፣ ይመኙሽ ወገቧን አስራ ጮኸች። ሰውነት ግን አላለቀሰም። እንባውን ከጎንደር እስከ ሊማሊሞ ሥር ድረስ አፍስሶ ጨርሶት ነበር፤ ድምፁም ጠፍቶ ሹክሹክታ ብቻ ቀርቶታል። ቀብር ላይ ሴቶቹ “ከተማ አደረቀው፤ ለእናቱ እንኳ አያለቅስም” ሲሉ ካሣዬ ሰማ። ዞሮ እያንዳንዳቸውን ሊያስረዳቸው ፈለገ፤ በእኔ ነው፣ እንባውን የበላሁበት እኔ ነኝ ሊል ፈለገ። ማን ሊሰማው ነው? እዚያው ቆሞ የልጁን ለቅሶ እሱ አለቀሰለት፤ ሰዎቹም ይህ እንግዳ ምን ዘመዷ ነው ብለው ገረማቸው።

ከቀብር ሲመለሱ ካሣዬ ከሰው ተለይቶ ከድንኳኑ ጫፍ ተቀመጠ። ጎንደር የሚመለሰው መኪና ቢጠራውም አልተነሣም። ሰውነት መጥቶ አጠገቡ ቁጭ አለ።

“ለእኔ ብለህ ነው፣ አያ ካሣዬ” አለ ሰውነት በዚያ በጠፋ ድምፁ። “አውቃለሁ። እኔም ብሆን እንዲያው ነበር የማደርግ።”

ካሣዬ ቢሰድበው፣ ቢመታው ይሻለው ነበር።

ይመኙሽ የእጅ ውሃ ይዛ መጣች። ለወንድሟ ስታስታጥበው ቀና አለችና እሱንም ካሣዬንም አየቻቸው፤ ሐዘናቸው አሳዘናትና የምታጽናናበትን ፈለገች። “ሌሊቱን በሙሉ ‘ሌላ አልፈልግ፣ ድምፁን ብቻ አሰሙኝ’ ስትል ነው ያደረች” አለች። “ይኸው ምኞት ብቻ ነበር የቀራት። እንግዲህ እግዜር ይመስገን፤ ሳትሞት ድምፅህን ሰማች።”

ምን እያለ ሲጮህ እንደሰማችው ሦስቱም ያውቃሉ።

ሰውነት እጁን ከውሃው ሥር አላነሣም።

“አዎ” አላት። “ሰማችኝ።”